ቀላሉን የመረጥኩበት ምክንያት

ለተማሪዎች የጃዝ ቅንብር ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን ገጽ ነው። አቀናባሪዎች ከባዱን ነገር ወደ መጨረሻ ያስቀምጡታል፤ ልጆቹ ደግሞ እዚያ የሚደርሱት ከንፈራቸው ከዛለ በኋላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጬ ከኋላ እጀምራለሁ። የአንደኛው ትራምፔት ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አያለሁ፤ እዚያ ከመውጣቱ በፊት ትንፋሽ የሚሰበስብበት እረፍት እንዳለውም አረጋግጣለሁ። ቀጥሎ ማንም ልብ የማይለውን የሦስተኛና የአራተኛ ተጫዋች ድርሻ አነባለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ይዞ እንዲቀመጥ የተደረገ ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይቀራል።

ይህን የማውቀው ተጫዋች ሆኜ አይደለም። አንድም መሣሪያ አልጫወትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በአንድ የመንግሥት ኦርኬስትራ ቢሮ በጽሕፈት ተቀጠርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ንጹሕ ነው ብለው ኖታ እንድገለብጥ አደረጉኝ። አቀናባሪው የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ በአንድ ወረቀት ላይ ደራርቦ ይጽፋል፤ ገልባጭ ደግሞ የእያንዳንዱን ተጫዋች ድርሻ ለይታ ለየብቻ ትጽፋለች። ጡረታ እስክወጣ ሥራዬ ይኸው ነበር። ጠረጴዛዬ ከልምምድ ክፍሉ አጠገብ ስለነበር ተጫዋቾቹ የቱ ላይ እንደሚያጉረመርሙ እሰማለሁ። ምን ዓይነት ጽሑፍ ሰው እንደሚያደክም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

አሁን የምኖረው ኮልፌ ነው፤ ከአጠና ተራ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር። በሰፈራችን ባለ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ተማሪዎች ቢግ ባንድ አቋቁመዋል። ሳክስፎኖቹ ፊት፣ ትሮምቦኖቹ መሃል፣ ትራምፔቶቹ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ፒያኖው፣ ቤዙና ድራሙ በጎን ናቸው። መምህራቸው ወጣት ነው። ቅንብሮቹን ከኢንተርኔት እያወረደ ያሳትማል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሁሉ የተሟላለት ባንድ ታስበው የተጻፉ ናቸው። የልጅ ልጄ እዚያ ትሮምቦን ይነፋል፤ አያቴ ኖታ ገልባጭ ነበረች ብሎ ሳይነግረው አልቀረም፤ መምህሩ አንድ ቀን ቤት ድረስ መጥቶ በምርጫው እንዳግዘው ለመነኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገርም ደስ ብሎኝ ነበር። ከጡረታ ወዲህ በሥራዬ የፈለገኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኙ። በባንዱ ውስጥ ግማሾቹ ልጆች ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። ልምምዱ ከትምህርት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ግድም ነው። ሙስሊሞቹ እስከ መግሪብ ምንም አይቀምሱም፤ ከክርስቲያኖቹም ቁርስ ሳይበሉ የሚውሉ ነበሩ። የሚነፋ መሣሪያ የያዘ ጾመኛ ከንፈሩ ይደርቃል፤ ትንፋሹም ቶሎ ያልቅበታል። መምህሩ ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ሴት ልጆች ያሏቸው ወላጆች በመሸ ሰዓት አይሆንም አሉት። ስለዚህ እንደነበረው ቀጠለ። ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ተማሪዎች ጋር በአንድ መድረክ ሊጫወቱ ነበርና አንድ ቅንብር ቶሎ መመረጥ ነበረበት።

የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ደስ የሚል፣ ማንንም የማያስቸግር። ሁለተኛው ከባድ ነው። መጨረሻው ላይ ባንዱ በሙሉ ዝም ይልና አንደኛው ትራምፔት ብቻውን ከታች ተነስቶ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ሁሉም ይከተሉታል። አንደኛ ትራምፔት የምትነፋው ልጅ ሙስሊም ናት፤ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አባትና እናቷ አጠና ተራ ምስማርና ቀለም ይሸጣሉ። ቤቷ ውስጥ ትራምፔት መንፋት ጎረቤት ስለሚረብሽ፣ ከንፈር የሚያርፍበትን ትንሹን ብረት ብቻ ነቅላ ወደ ቤት እየወሰደች ትለማመድ ነበር። ያንን የመጨረሻ ክፍል በቃሏ እንደያዘችው ሁሉም ያውቃል። ሌሎቹ ልጆች አረፍ ሲሉ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዝቅ ባለ ድምፅ ትሞክረው ነበር፤ ያለ ችግር ትወጣዋለች።

ችግሩ የነበረው ትሮምቦኑ ላይ ነው። ትሮምቦን የሚጫወት ሰው ድምፁን የሚለውጠው ቱቦውን በቀኝ እጁ እያስወጣና እያስገባ ነው። በከባዱ ቅንብር መሃል ላይ ትሮምቦኖቹ ከአጠገብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ አጠገብ በፍጥነት የሚመላለሱበት ቦታ አለ። የልጅ ልጄ ክንድ ገና አልረዘመም። ሩቁ ቦታ ላይ ሲደርስ ትከሻው አብሮ ይወጣል፤ ድምፁም ተንሸራቶ ከሌሎቹ ይለያል። አጠገቡ ያለው ልጅ ከእሱ ብዙም አይሻልም፤ እኔ ግን የምሰማው የእኔን ልጅ ነበር። ከባዱን እየሞከሩ ባዳመጥኩ ቁጥር እዚያ ቦታ ሲደርሱ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ እተክላለሁ።

ስለዚህ ቀላሉን መረጥኩ። ምርጫው ስህተት አልነበረም። የነውሩ ምንጭ ምክንያቱን ስናገር ያልኩት ነገር ነው። ትሮምቦኖቹ አይችሉትም ብል የልጅ ልጄ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ መምህሩም፣ ሌሎቹም ለእኔ ሲሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ማንም የማያፍርበት ምክንያት ፈለግሁ። ጾም ደግሞ ክብር ያለው ምክንያት ነው ብዬ አሰብኩ፤ በጾሙ ምክንያት ቀረ ቢባል የሚያንስበት ሰው የለም ብዬ።

በዚያ ቀን የሶላት ሰዓት ደርሶ ሙስሊሞቹ ልጆች ወጥተው እስኪመለሱ ጠበቅን። ትራምፔቷ ልጅ አልወጣችም። ወንበሯ ላይ ቀርታ የመሣሪያዋን ቁልፎች ዘይት ትቀባ ነበር። አይቻታለሁ። አይቼ ምንም አላሰብኩም፤ ለብዙ ዘመን ሴት ሆኜ ኖሬ፣ ሴት ልጆች አሳድጌ፣ ምንም አላሰብኩም።

ሁሉም ሲሰበሰቡ መምህሩ እንድናገር ጋበዘኝ። ከባዱ ቅንብር ግሩም እንደሆነ፣ ነገር ግን መጨረሻው በአንደኛው ትራምፔት ላይ እንደቆመ፣ አንደኛዋ ትራምፔታችን ደግሞ ጾመኛ ስለሆነች በልምምዱ ወቅት ትንፋሿ እዚያ እንደማያደርሳት፣ ስለዚህ ቀላሉን እንደምንጫወት ተናገርኩ። ድምፄ የእናት ድምፅ ነበር። ልጅቷ ከኋላ ረድፍ ሆና፣

«ይደርሳል እማማ፤ ሲደርስ ሰምተውታል እኮ» አለች።

«ዛሬ ደረሰ፤ ወሩ ሲገፋ አይደርስም» አልኳት።

በዚህ መሃል ድራም የሚመታው ልጅ፣ ሁልጊዜ ማሳቅ የሚወድ ነው፣ ዱላዎቹን በእጁ እያሽከረከረ፣ «እማማ አይስጉ፤ እሷን ጾም አይጎዳትም። ቅድም ከቧንቧው ውሃ ስትጠጣ አይቻታለሁ» አለ።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ከሳክስፎኖቹ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ወይ ጉድ፣ ረመዳንን እስከ ስድስት ሰዓት ነው እንዴ የያዝሽው?» አላት። ይህ ልጅ ራሱ ጾመኛ ነበር፤ ቀልዱ ውስጥ ትንሽ ቁጣ ነበረበት።

ያን ጊዜ ዝም ማሰኘት ይገባኝ ነበር። ከአዳራሹ ውስጥ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን የሰጠሁት ምክንያት በሰው ፊት እንዳይፈርስብኝ ፈራሁ መሰለኝ፣ ወደ እሷ ዞሬ፣

«ጠጥተሻል እንዴ?» አልኳት።

ልጅቷ ትራምፔቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ እርስዎም ይጠይቁኛል?» አለች።

መሣሪያውን ጠራርጋ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች፤ መቆለፊያውን ሁለቱንም ዘጋች፤ በጎን በኩል ባለው በር ወጣች። በባንዱ ውስጥ ከእሷ ሌላ አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ ሳክስፎን ነው የምትነፋው። እሷ ዞር ብላ አየችኝና ወዲያው ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። የገባኝ ያኔ ነው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ በመጣባት ቀናት አትጾምም፤ አትሰግድም። ሙስሊም ጎረቤት ሳይኖረኝ ኖሬ አላውቅም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኛም በእነዚያ ቀናት ቤተ ክርስቲያን አንገባም። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ፣ የሚያልፈው ሁሉ ለምን እንደቆምኩ የሚያውቅ እየመሰለኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እከናነብ ነበር። እኔን ግን እንደዚያ ብሎ በወንዶች ፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

መምህሩ ምንም አልገባውም። ልጅ ናት፣ ይበርድላታል አለና ልምምዱን ቀጠለ። ቀላሉን ተጫወቱ። የልጅ ልጄ ሳይሳሳት ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አልመጣችም። መምህሩ ሲደውልላት አታነሳም፤ በመጨረሻ ባንዱን እንደተወች በስልኳ ጽፋ ላከችለት። ሁለተኛ ትራምፔት የነበረው ልጅ በቦታዋ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ ሥራ እየሠራሁ ሳለሁ «እርስዎም» ያለችው ይመጣብኛል። ሌሎቹ ጠየቋት፤ ከእነሱ አልጠበቀችም። ከእኔ ጠብቃ ነበር።

አንድ ቀን ነጠላዬን ለብሼ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ብቻ ነው የተነሳሁት። አባቷን አንድን ደንበኛ ቀለም ሲያስመርጥ አገኘሁት። ሲያየኝ ሥራውን ጥሎ ተነሳ፤ በርጩማ አቀረበልኝ፤ ደንበኛውን ለሚስቱ ትቶ አጠገቤ ቆመ። ማን እንደሆንኩ ልጁ ነግራው ያውቀኛል።

«እማማ፣ እኔ ራሴ መጥቼ ላመሰግንዎት ሳስብ ነበር» አለኝ። «ለጾመኞቹ አዝነው ቀላሉን እንደመረጡ ሰምቻለሁ። የራሳችን ሰው እንኳ እንደዚህ አያስብልንም። ልጄ ደግሞ ጭራሽ ለጾሙ ስትል ሙዚቃውን ተወችው። ባይሆን ሲያልፍ ትመለሻለሽ አልኳት፤ በቃኝ አለች። ኮርቻለሁ ብልዎት ውሸት አይደለም።»

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ምን ልበለው? እውነቱን ልንገርህ ብል የምነግረው የልጁን ገመና ነው። ልጅቷ አባቷን ዋሽታዋለች፤ ለመዋሸት ያበቃኋት እኔ ነኝ፤ ያን ውሸት ደግሞ አባቷ ፊት ተቀምጬ በዝምታዬ አጸናሁት። እንኳን አደረሰህ፣ በሰላም ያስፈጽማችሁ አልኩና ተነሳሁ።

እናቲቱ ልሸኝዎት ብላ አብራኝ ወጣች። ከሱቁ ራቅ አልን። የአጠናው ክምር ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ሁሉንም ነግራኛለች» አለችኝ። «አባቷ አያውቅም፤ እርስዎም አይንገሩት።»

አልነግረውም አልኳት። ይቅርታ አድርጉልኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«እማማ፣ እኔን ምን አድርገውኛል? ልጆቹ ፊት የወደቀ ነገር አጠና ተራ መጥቶ አይነሳም። እዚያው የጣሉትን እዚያው ያንሱት።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። በዕድሜ ከሴት ልጆቼ ታንሳለች።

በሚቀጥለው ልምምድ መምህሩን ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ። በዚህ ዕድሜዬ በልጆች ፊት ቆሜ አጥፍቻለሁ እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የሰውን ጾም የሚጠይቅ ፈጣሪ እንጂ ሰው አይደለም፤ እኔ ግን ጠየቅሁ፤ ነውር ሠርቻለሁ፤ እናንተም ከእኔ አይታችሁ እንዳትለምዱ አልኳቸው። ስለ ውሃው፣ ስለሌላውም ነገር ምንም አላነሳሁም። ድራም የሚመታው ልጅ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሰማኝ። ቀጥዬ ከባዱን ቅንብር እንድትጫወቱ ወስኛለሁ አልኩ። መምህሩ ደነገጠ፤ ጊዜ የለንም ሊል አሰበና ተወው። ልጅቷን የምክሳት በዚህ ነው ብዬ ነበር። የልጅ ልጄን ግን አላየሁትም፤ ወደ እሱ አቅጣጫ ጨርሶ አልዞርኩም።

ሳክስፎኗ ልጅ ይህን ለጓደኛዋ አድርሳላት ኖሯል። ከኢድ በፊት በነበረው ሳምንት ትራምፔቷ ልጅ በጎኑ በር ገባች። ወደ አንደኛ ወንበር አልሄደችም፤ ሣጥኗን እንደያዘች እኔ ካለሁበት ፊት ለፊት ቆመች። እጅ ነስታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው፣ የጎደለው ነገር የለም። የኖታ መስቀያዎቹ ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

«ይኼን ማን መረጠው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ለእኔ ብለው ከሆነ ይተዉት። ሲቀልም በእኔ ተሳበበ፣ ሲከብድም በእኔ ሊሳበብ ነው።»

ሁሉም እየሰሙ ነበር። መልስ ሊገኝ የሚችለው አንድ ብቻ ነበርና እሱን ተናገርኩ። መጀመሪያም ሰበብ እንዳደረግኋት፣ ትንፋሿ እንደሚደርስ አውቅ እንደነበር፣ ቀላሉን የመረጥኩት ትሮምቦኑ ስለማይችለው እንደሆነ ነገርኳት። የትኛው ትሮምቦን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ መናገርም አላስፈለገም። ሁሉም ወደ መሃለኛው ረድፍ ዞሩ።

የልጅ ልጄ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ቱቦውን እጁ እስከሚችለው ድረስ ዘረጋና አሳያቸው።

«ክንዴ አይደርስም» አለ። «ለመምህር ገና መጀመሪያ ሳምንት ነግሬዋለሁ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ወደ መምህሩ ዞርኩ። አንገቱን እያሻሸ፣ «እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ነውና እንዳይከፋዎት ብዬ ነው። እርስዎ ራስዎ ይደርሱበታል ብዬ ተውኩት» አለኝ።

«እንግዲህ ሁላችንም እናውቅ ነበር ማለት ነው» አለ ድራም የሚመታው ልጅ። አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ የልጅ ልጄም ከሳቁት አንዱ ነበር። ትራምፔቷ ልጅ አልሳቀችም።

እኔ ልሸፍንለት ስል የደከምኩበት ኀፍረት ልጁ ዘንድ አልነበረም። ክንዱ እንደማይደርስ በግልጽ ተናግሮ ጨርሷል። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ፤ ኖታ ታውቃለች የተባለች አያት የልጅ ልጇ ሲሳሳት እንዳይሰማባት ብዬ። መምህሩ ለእኔ ሲል ዝም አለ፣ እኔ ለልጁ ስል ዋሸሁ፤ የሁላችን ይሉኝታ ተደምሮ የወደቀው ምንም ያላጎደለችው ልጅ ላይ ነው።

መምህሩ ሁለቱንም ቅንብሮች አንዴ አንዴ እንዲጫወቷቸውና ልጆቹ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገ። ከባዱ ላይ ትሮምቦኖቹ ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ተፍረከረኩ። መጨረሻው ላይ እሷ ብቻዋን ወጣች፤ ጫፉ ላይ ደረሰች፤ ድምፁን ይዛ ቆየች። ሊከተሏት ከሚገባቸው ግማሾቹ ግን መግቢያቸው ጠፍቷቸው ነበር። ከዚያ እጅ ሲያወጡ ለቀላሉ በዛ። እሷም ለቀላሉ ነው ያወጣችው።

በመድረኩ ቀን ቀላሉን ተጫወቱ። በቀላሉ ውስጥ ለአንደኛ ትራምፔት የተለየ ነገር የለም፤ ከሌሎቹ ጋር ይነሳል፣ ከሌሎቹ ጋር ያርፋል። አባቷ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ካጨበጨበ በኋላ ዞር ብሎ ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔም መልሼ ሰላም አልኩት። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነን።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳስተካክል ልጅቷ የራሷን ድርሻ ይዛ መጣች። ሰጠችኝና አልሄደችም።

«እማማ፣ የሚቀጥለውን ሲመርጡ ስለ ትንፋሼ ይጠይቁኝ» አለች። «ስለ ትንፋሼ ብቻ።»

እሺ አልኳት። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ወረቀቷን ከሌሎቹ በላይ አስቀመጥኩት። እሷ ሣጥኗን አንስታ አባቷ ወደቆመበት ሄደች።